ሆዴ ተቃጠለ ለሚሉሽ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ልጄ፣ እንዴት ነሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ መጀመሪያ ምግብ በልታ እንደሆነ ጠይቃት ብላኛለች፣ ጠየቅኩ።

ባለፈው በስልክ ስለተቆጣሁ ይቅር በይኝ። ረቢ ሳትሆኚ፣ ሐኪም ሳትሆኚ፣ ኒው ዮርክ ድረስ ሄደሽ የተጨነቀ ሰው ማዳመጥ እማራለሁ ስትይኝ ግራ ገባኝ። ይኼማ ለቅሶ ቤት ሄዶ መቀመጥ ነው፣ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል አልኩ። ጎንደር እያለን ለዚህ የነፍስ አባት ነበረን፣ ክፍያም የለው።

ስልኩን ዘግቼ ግን አያትሽ ትዝ አለችኝ። ወንድሟ በፈረንጆች 1984 በሱዳኑ መንገድ ላይ ቀርቷል። እዚህ እስራኤል ከገባን በኋላ ሆስፒታል ወሰድኳትና "ሆዴ ተቃጠለ" አለች። አስተርጓሚው ጎረምሳ ቃል በቃል ነገራቸው። በጉሮሮዋ ቱቦ ከትተው ጨጓራዋን አዩ፣ ምንም አላገኙም፣ ኪኒን ሰጥተው መለሱን። ስለ ወንድሟ የጠየቃት የለም። እኔም የዚያን ጊዜ ዕብራይስጤ ከሰላምታ አያልፍም ነበር።

ስለዚህ ነገሩን አጠያየቅኩ። የኒው ዮርኩ የአይሁድ ሴሚናሪ (JTS የሚሉት የሃይማኖት ትምህርት ቤት) በፈረንጆች ከ1886 ጀምሮ ያለ ነው አሉኝ፣ ማዳመጡን የሚያስተምረው የፓስቶራል ማዕከሉ ደግሞ ከ2009። አንዱ ዙር ስልጠና 400 ሰዓት ነው፣ የቦርድ (የሙያ ማኅበር) ማረጋገጫ ያለው ቻፕሊን፣ ማለትም መንፈሳዊ አጽናኝ፣ ለመሆን አራት ዙር ይጠይቃል፣ ከማስተርስ ዲግሪ ጋር። 1600 ሰዓት! እኔ መኪና መንዳት የተማርኩት በስንት ሰዓት ነው?

ያጫወትሽኝ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ገባኝ። የጠየቅሻቸው በሽተኛ ሽማግሌ "ልጆቼ አይመጡም" ሲሉሽ "ይመጣሉ" ብለሽ መለስሽ። ንግግሩን ቃል በቃል ጽፈሽ ክፍል ውስጥ ስታነቢ ጓደኞችሽ "ለምን ቸኮልሽ?" አሉሽ። እኔም ብሆን ይመጣሉ ነበር የምለው። ታልሙዱ፣ የጥንት ረቢዎቻችን መጽሐፍ፣ በሽተኛ የጠየቀ ከሕመሙ አንድ ስልሳኛውን ይወስድለታል ይላል፣ ተቻኩሎ የሚያጽናናውንም ይቆጥር እንደሁ እንጃ።

ሥራውን በተመለከተ ሆስፒታል፣ ሆስፒስ (ለሞት የተቃረቡ የሚታከሙበት)፣ የአረጋውያን ቤት፣ እስር ቤት፣ ጦር ሠራዊት ሁሉ ቻፕሊን ይቀጥራል፣ ጥሩ ነው። የራሴን ቢሮ ከፍቼ አማክራለሁ ያልሽው ግን አስፈርቶኛል። የሴሚናሪ ወረቀት ብቻውን የሥነ ልቦና ሕክምና ፈቃድ አይደለም፣ ፈቃዱን የሚሰጠው ስቴቱ ነው። ምናልባት ሶሻል ወርክ መጨመር ይኖርብሻል። ክፍያ ሳትከፍዪ ይህን ጠይቂ።

ወደዚህ ተመለሺ ብዬ አልጫንሽም። እዚህ በዕብራይስጥ ሊቩይ ሩሐኒ፣ መንፈሳዊ አብሮነት፣ ይሉታል፣ ሙያው ገና ልጅ ነው። ብቻ በ1984ም በ1991ም ከኢትዮጵያ የመጡት አርጅተዋል፣ አንዳንዶቹ የተማሯት ዕብራይስጥ እየጠፋቻቸው ነው። አማርኛሽን እንዳትጥይው።

እስቲ አንድ ነገር፦ አያትሽ ዛሬ "ሆዴ ተቃጠለ" ብትልሽ ምን ትያታለሽ? እሑድ ማታ እደውላለሁ፣ ያኔ ንገሪኝ።

አባትሽ