የተፈጥሮ ሳይንስ ክበብ፦ ጉንዳኖቹ ሳይመጡ የጀመርነው እርሻ

ክበባችን እስካሁን የሚታወቀው ችግኝ በመትከልና ለወላጆች በዓል ፖስተር በመስቀል ነበር። ዘንድሮ ግን ጥቅምት ላይ በተደረገው የመጀመሪያ ስብሰባ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በስልኩ ቪዲዮ ይዞ መጥቶ ዕቅዳችንን ገለበጠው። ቪዲዮው ቅጠል እየቆረጡ በሰልፍ ተሸክመው የሚጓዙ ጉንዳኖችን ያሳያል። «ቲቸር፣ ንግሥቲቱን ከነጀማሪ ልጆቿ በኢንተርኔት የሚሸጡ አሉ። አዋጥተን ብናስመጣስ?» ሲል ክፍሉ በጭብጨባ ተቀበለው። ድምፅ ይሰጥ ቢባል ኖሮ ብቻዬን እቀር ነበር።

የተቃወምኩት በምክንያት ነው። ቅጠል ቆራጭ ጉንዳኖች፣ ማለትም አታ እና አክሮሚርሜክስ የሚባሉት ወገኖች፣ በተፈጥሮ የሚገኙት ከዩናይትድ ስቴትስ ደቡብ አንሥቶ እስከ አርጀንቲና ባለው ምድር ብቻ ነው። በገዛ አገራቸው እንኳ የብርቱካን ዛፍን ራቁቱን እያስቀሩ ገበሬውን ያስመርራሉ። በካሪቢያን ባሕር ባለችው ጓደሉፕ ደሴት ደግሞ አንድ የአክሮሚርሜክስ ዝርያ ከውጭ ገብቶ በ1954 እ.ኤ.አ. ታየ፤ ከዚያ ወዲህ ተስፋፍቶ ለሰብልም ለደንም ጠንቅ ሆኗል። «የቱሉ ዲምቱ የሌሊት ብርድ ይገድላቸዋል እኮ» ብሎ የተከራከረኝ ነበር። ብርዱ እውነት ነው፤ ግን ወደ አዳማ ሙቀት የሚወርደው የፍጥነት መንገድም የሚጀምረው ከእኛው ደጃፍ ነው። እስከ ዛሬ ቅር ያለው ልጅ አለ፤ ይቅር በለኝ አልለውም።

ጉንዳኖቹ ባይመጡም ስለ ኑሯቸው ማንበቡን አላቆምንም። ምን ይበላሉ ብዬ ስጠይቅ ሁሉም «ቅጠል» አሉ። የአውሮፓ ተመራማሪዎችም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ይመስላቸው ነበር። ኒካራጓ ውስጥ በማዕድን ሥራ ላይ የነበረው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ቶማስ ቤልት ጎጇቸውን ቆፍሮ ካየ በኋላ፣ ቅጠሉ ማዳበሪያ እንጂ ምግብ እንዳልሆነና ጉንዳኖቹ በእርሱ ላይ ፈንገስ እንደሚያለሙ በ1874 እ.ኤ.አ. ጻፈ። ዛሬ ያ ፈንገስ ሊውኮአጋሪከስ ጎንጊሎፎረስ ይባላል። ጫፉ ላይ ምግብ የቋጠሩ ጥቃቅን እብጠቶች ያወጣል፤ እጮቹ የሚያድጉት በእነርሱ ነው። ትልልቆቹ ሠራተኞች ከቅጠሉ ጭማቂም ይጠጣሉ።

ልጆቹን ከሁሉ ይበልጥ የያዛቸው የጀማሪዋ ንግሥት ታሪክ ነው። አዲስ ሙሽራ ከእናቷ ቤት እርሾ ይዛ እንደምትወጣ ሁሉ፣ ንግሥቲቱም ለጋብቻ በረራ ከመውጣቷ በፊት ከእናት ጎጆ የፈንገስ ቁራጭ አፏ ውስጥ ባለ ትንሽ ኪስ ትይዛለች። ከበረራ በኋላ ክንፏን ጥላ መሬት ትቆፍርና ቁራጩን ተፍታ በራሷ ኩስ ታዳብረዋለች። የአታ ንግሥት የመጀመሪያዎቹ ልጆቿ እስኪደርሱ አትወጣም። ከሰውነቷ ስንቅ እየኖረች፣ ከምትጥላቸው እንቁላሎች ብዙዎቹን ራሷ ትበላለች፣ ለእጮቿም ትመግባለች፤ ከፈንገሱ ግን አትነካም። የአክሮሚርሜክስ ንግሥት ግን ራሷ ወጥታ ቅጠል ትለቅማለች። በሁለቱም ዘንድ ያ ቁራጭ ከሞተ ጎጆው አብሮ ያልቃል። ከተረፈና ጎጆው ለዐቅመ አዳም ከደረሰ የአታ ቤተሰብ በሚሊዮን ይቆጠራል።

«እንግዲያው ጉንዳኖቹ ካልመጡ ሥራቸውን እኛ እንሥራው» ያለችው የክበቡ ጸሐፊ ናት። እንጉዳይም ፈንገስ ነውና ኦይስተር የሚባለውን የሚበላ እንጉዳይ መረጥን። በማሽላ ላይ ያደገውን ዘሩን ከአምራች ገዛን። የጤፍ ጭድ ለከብትም ለጭቃ ምርጊትም ስለሚፈለግ ዋጋው አይቀመስም፤ በቂሊንጦ በኩል ካሉ ገበሬዎች የስንዴ ገለባ አገኘን። ገለባውን አሳጥሮ መቁረጥ፣ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ ከዚያ በርሜል ውስጥ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚሆን ሙቀት ለሁለት ሰዓት ያህል ማቆየት ነው። እሳቱን የያዙልን የግቢያችን ጥበቃ ናቸው፤ ያለ እርሳቸው የበርሜሉን ሙቀት አንጠብቀውም ነበር። ለምን አናፈላውም ያሉ ነበሩ። ከመጠን በላይ ከሞቀ ሻጋታን የሚከላከሉት ሙቀት የሚችሉ ባክቴሪያዎች አብረው ያልቁና ገለባው ቀድሞ ለደረሰ ሁሉ ክፍት ይሆናል። ከዚያ ማንጠፍጠፍ፣ ማቀዝቀዝ፣ በእጅ ጨምቆ ጠብታ ብቻ ሲወጣ ከዘሩ ጋር በፕላስቲክ ከረጢት እያነባበሩ መሙላት።

በአሮጌው የስፖርት ዕቃ መጋዘን ከረጢቶቹን ሰቅለን ጨለማ አደረግነው። የእንጉዳዩ ነጭ ክር ገለባውን ወረሰው። ቀጥሎ በአንዳንዶቹ ላይ አረንጓዴ ታየ። ትራይኮደርማ ነው፤ እንጉዳይ አብቃይ ሁሉ የሚፈራው ሻጋታ። ቀድሞ የከሰረው «ደረሰ ወይ?» እያለ በየቀኑ ከረጢቱን የሚከፍተው ቡድን ነው። አረንጓዴውን ቆርጦ ጥሎ በዚያው እጁ የጎረቤቱን ከረጢት የሚነካ ስላልጠፋ በሽታው ተሻገረ። የዓመቱ ሥራችን በትክክል የጀመረው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ የጉንዳኖቹን ጽሑፍ እንደገና ያወጣነው በዚያ ሳምንት ነውና።

ቅጠል ቆራጮቹም ኤስኮቮፕሲስ የሚባል ጠላት ሻጋታ አለባቸው። እርሻቸውን እየላሱ የጠላቱን ዘር ይለቅማሉ፤ የታመመውን ቆርጠው ለብቻው ወዳለ የቆሻሻ ስፍራ ይጥላሉ። ቆሻሻ ላይ የተሰማራው ወደ እርሻው አይመለስም። ብዙ የአክሮሚርሜክስ ዝርያዎች ደግሞ ሰውነታቸው ላይ ነጭ ሆኖ የሚታይ ባክቴሪያ ይሸከማሉ፤ ባክቴሪያው ጠላትን የሚያዳክም መድኃኒት እንደሚያመነጭ በ1999 እ.ኤ.አ. ታትሞ ወጥቷል። አታዎቹ ይህ ባክቴሪያ የላቸውም፤ ከገዛ ዕጢያቸው በሚወጣ ፈሳሽ ይከላከላሉ። ፈንገሱን የጎዳ ቅጠል ካመጡም ቆይተው ያንን ተክል ይተዉታል። መዝራትማ የአንድ ጧት ሥራ ነው። ጉንዳኖቹን ገበሬ የሚያሰኛቸው ይህ የማያልቅ ጥራጊ ነው ብዬ አምናለሁ።

ልጆቹ ደንብ አወጡ። የታመመ ከረጢት የሚያወጣ ቡድን በዚያ ሳምንት መጋዘኑ ውስጥ አይገባም፤ ከረጢት ሳይከፈት ከውጭ ይታያል፤ ሳይታጠቡ መግባት የለም። የጥራጊውን ቡድን ማንም አልፈለገውም። በጉንዳኖቹ ዘንድ ብዙውን ጊዜ ቆሻሻ የሚይዙት ዕድሜያቸው የገፋው እንደሆኑ ስነግራቸው፣ አንዱ «ታዲያ ቲቸር ይሥሩታ!» ብሎ አሳቀብኝ። ተራ ገብቼ ሠርቻለሁ።

የመጀመሪያው ምርት በሽንኩርትና በቃሪያ ተጠብሶ ክበቡ በላው። የሚቀጥለው በዐቢይ ጾም ስለደረሰ መምህራን ተሻሙበት፤ ገቢው ለቀጣዩ ሥራ ዋለ። ወላጆችን የማሳስበው አንድ ነገር አለ፦ ይህ ከታወቀ ዘር የበቀለ ነው። ልጆቹ ከእንጦጦ ጫካም ሆነ ከቤት ጓሮ ያገኙትን እንጉዳይ ለቅመው እንዳይበሉ። አያቶቹ ወለጋ ያሉ ተማሪያችን በክረምት ከኩይሳ ላይ የሚወጣ እንጉዳይ እንደሚበሉ ነግሮናል፤ እርሱ ሌላ ነው። የእኛዎቹ ምስጦች ቴርሚቶማይሰስ የተባለ ፈንገስ ከመሬት በታች ያለማሉ፤ እንጉዳዩ ከዚያ የሚወጣ ነው። ፈንገስ አርሶ አደር የሆነ ነፍሳት ፍለጋ አትላንቲክን መሻገር እንደማያስፈልገን ያሳየን ያ ልጅ ነው። ቆላ ወርዶ ኩይሳ የማየቱ ጉዞ በመኪና እጦት ለከርሞ ተላልፏል።

ሚያዝያ ላይ ዝናቡ ሲመጣ ባለ ክንፍ ጉንዳኖች በመንገድ መብራት ሥር ረገፉ። ልጆቹ ክንፋቸውን የጣሉ፣ ካምፖኖተስ የሚባል የጉንዳን ወገን ንግሥቶችን ለቀሙ። እነዚህ ፈንገስ አያለሙም፤ አጀማመራቸው ግን ይመሳሰላል። የመስታወት ቱቦ ግርጌ ውኃ ይደረግና በጥጥ ይወተፋል፤ ንግሥቲቱ ትገባና አፉ እንደገና በጥጥ ይዘጋል። የመጀመሪያ ልጆቿ እስኪፈለፈሉ ምግብ አትፈልግም፤ ስንቋ ስብዋና ከእንግዲህ የማያስፈልጋት የክንፍ ጡንቻ ነው። የሚያስፈልጋት ጨለማና ጸጥታ ስለሆነ ቱቦዎቹ ወደየቤቱ ተወሰዱ። አንዲት እናት «ጉንዳን ከቤቴ ሳስወጣ ኖሬ አንቺ በጠርሙስ ታስገቢልኛለሽ?» ብለው ደውለውልኝ ነበር። በጫማ ካርቶን ተከድኖ ከአልጋ ሥር ይቀመጥ በሚል ስምምነት ተፈታ። የሞቱ ንግሥቶች አሉ፤ በሌሎቹ ግን ሰኔ ላይ ጥቃቅን ሠራተኞች ወጥተዋል።

ለክረምቱ ቱቦ የያዛችሁ፦ ሠራተኞች ከወጡ የማር ጠብታና የተገደለ ዝንብ ቁራጭ ይበቃል፤ የተረፈውን ሳይሻግት አውጡ። ጥጡ ከጠቆረ ጉንዳኖቹን አራግፋችሁ አታውጡ፤ አዲስ ቱቦ አፍ ለአፍ ግጠሙላቸው፣ አሮጌውን ብርሃን አሳዩት፣ ራሳቸው ይሻገራሉ። መስከረም ላይ ከጀሶ ወደተሠራው ጎጆ እናዛውራቸዋለን። ገለባ ልትለግሱን ቃል የገባችሁ ወላጆችም ከዝናብ ከልላችሁ አቆዩልን፤ የረጠበውን አንቀበልም።