የአበባና አካባቢ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ቀዩ ሂቢስከስ በየግቢያችን

ዘንድሮ የትምህርት ቤታችን ክበብ አንድ ሥራ ይዞ ነው የከረመው፤ ቀይ ሂቢስከስ የተባለውን የአበባ ቁጥቋጦ። እያንዳንዱ አባል ለቤቱ የሚስማማውን ዓይነት መርጦ፣ ከቅርንጫፍ ቁራጭ አባዝቶ፣ በገዛ ግቢው ያሳድጋል። ይህን ስናስታውቅ በመምህራን ማረፊያ ክፍል የተነሳው ጥያቄ ዓመቱን ሙሉ አልለቀቀንም። «በዚህ ኑሮ አበባ ምን ያደርጋል? ጎመን ለምን አይተክሉም?» ጎመን የሚተክል ጎበዝ ክበብ አለን፤ ከኳስ ሜዳው ጀርባ ያለውን መደብ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኛም ሥራችንን እንንገራችሁና ፍርዱ የእናንተ ይሁን።

ሐዋሳ ውስጥ ቀይ ሂቢስከስ የሌለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። በየሆቴሉ ደጅ አለ። በየአጥሩ ሥር አለ። ችግኝ ሻጭ ጋ ሄዳችሁ ስትጠይቁ ግን ሁሉም «ቀዩ» ነው። ውጭ አገር ብሪሊያንት፣ ፕሬዚዳንት፣ ሬድ ድራገን እየተባለ በየስሙ ይሸጣል። እዚህ ስም ስለማይነገር ልጆቹ በዓይናቸው መለየት ነበረባቸው። ደብተር ይዘው በየሰፈራቸው ዞሩ። ባለቤቶቹን እያስፈቀዱ መዘገቡ። ፔታሉ (ባለቀለሙ የአበባ ቅጠል) ነጠላ ነው ወይስ ድርብ? ግቢው በቀን ስንት ሰዓት ፀሐይ ያገኛል? ማን ያጠጣዋል? በስንት ጊዜ? በመጨረሻ አራት ዓይነት ቀይ ለይተው መጡ።

አንደኛው ነጠላው ነው። አምስት ሰፋፊ ፔታሎች አሉት፤ ከመሃላቸው ረጅም ዘንግ ይወጣል። ሁለተኛው ድርቡ ነው። መጀመሪያ ሁሉም ልጅ የወደደው እሱን ነበር፤ እውነትም ያምራል። ከፍተን ስናየው ግን ስቴመኖቹ (የአበባው የወንዴ ክፍሎች) ራሳቸው ወደ ፔታልነት ተለውጠዋል። ዝናብ ሲመታው ደግሞ ውሃ ያዝልና ይዘቀዝቃል። የሐምሌን ዝናብ ለምናውቅ ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሦስተኛው ቅጠሉ በነጭና በሮዝ የተዥጎረጎረው ነው። አበባ ባይኖረውም ግቢ ያደምቃል፤ ግን የቅጠሉ አረንጓዴ ክፍል ስለሚያንስ አስተዳደጉ ዘገም ይላል። አራተኛው አበባው ወደ ታች የሚንጠለጠለውና ፔታሉ እንደ ዳንቴል የተበጣጠሰው ነው። የእሱ የትውልድ አገር ሩቅ አይደለም፤ ኬንያ፣ ታንዛኒያና ሞዛምቢክ ነው።

ለቤት ግቢ የቱ ይሻላል ብትሉኝ ያለማመንታት ነጠላውን እላለሁ። ቁራጩ ቶሎ ሥር ይይዛል። ውሃ ቢዘገይበት ይታገሳል። አበባው የሚቆየው አንድ ቀን ብቻ ቢሆንም በማግስቱ ሌላ ይተካል። ለባዮሎጂ መምህር ደግሞ ከዚህ የበለጠ መማሪያ የለም። የወንዴውና የሴቴው ክፍል በአንድ ዘንግ ላይ በዓይን ይታያል፤ ጫፉ ላይ ያሉትን አምስት ስቲግማዎች (የሴቴው ክፍል ጫፎች) የኋላ ወንበር የተቀመጠ ተማሪም ይቆጥራቸዋል። ማጉያ መነጽር አያስፈልግም፤ ደግሞም የለንም። ቀይ ቀለም ለንብ ብዙም አይታያትም፤ ለወፍ ግን በደንብ ይታያታል። ላይብረሪው ጎን ባለው ቁጥቋጦ ላይ ረጅም ጠማማ ምንቃር ያላት ትንሿ ወፍ ስትመላለስ ያያችሁ ለምን እንደምትመጣ አሁን ገብቷችኋል።

ወንዶ ገነት የሄድነውም ስለዚሁ ምርጫ ነው። እዚያ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በመዓዛማና በመድኃኒት ተክሎች ላይ ይሠራል። ለአገራችን ካወጣቸው የከርከዴ ዝርያዎች መካከል «ጃማይካ» እና «ሱዳን» የሚባሉ አሉ። ከርከዴ የቀዩ ሂቢስከስ ዘመድ ነው፤ ጥጥና ባሚያም ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ልጆቹ እስከዚያ ቀን የሚጠጡት ቀይ ነገር አበባው ይመስላቸው ነበር። የምንጠጣው አበባው ከረገፈ በኋላ ፍሬውን አቅፎ የሚያድገውን ቀይ ሽፋን ነው። አበባው ራሱ ፈዛዛ ቢጫ ነው፤ ቀይ የሆነው መሃሉ ብቻ ነው። ስንመለስ መኪና ውስጥ ክርክር ተነሳ። ግማሾቹ ከርከዴ ይሻላል፣ ይጠጣል፣ ይሸጣል አሉ። ግማሾቹ ከርከዴ በየዓመቱ ከዘር ይጀመራል፣ ሂቢስከስ ግን አንዴ ከተተከለ ዓመታት ይኖራል ብለው መለሱ። የትራንስፖርቱን ወጪ የሸፈኑት ወላጆች ናቸው፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ከክበባት በጀት ለጉዞ የተፈቀደልን ገንዘብ አልነበረም።

አባዛዙ ከባድ አይደለም፤ ቤታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ቁራጭ ከአንጓ ሥር ትቆርጣላችሁ። ከላይ ሁለት ቅጠል ትታችሁ ሌላውን ታራግፋላችሁ። አሸዋ በተቀላቀለበት ኮምፖስት ትተክሉና ታቹ የተቆረጠ ሃይላንድ ትደፉበታላችሁ። ክዳኑ ይከፈት። ጥላ ሥር ይቀመጥ። ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ሥር ይሰዳል። ዘር መዝራት ለምን አይሻልም ለሚል ሰው፣ ከዘር የበቀለ የእናቱን ቀለም ላይዝ ይችላል፤ ቁራጭ ግን ያው እናቲቱ ናት። ካደገ በኋላ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ያስፈልገዋል። አበባ የሚያወጣው በአዲስ ቀንበጥ ጫፍ ላይ ስለሆነ የበልግ ዝናብ ሊጥል ሲል ጫፍ ጫፉን መግረዝ ነው። አዲስ አበባ ዘመድ ያላችሁ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ የሌሊቱ ብርድ እንቡጡን ያራግፈዋልና ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ሥር አስጠግተው እንዲተክሉት ንገሯቸው።

ስለ ማዳበሪያም አንድ ነገር ልበል። አንድ ደግ ወላጅ ከገጠር የተረፈ ዳፕ ላኩልን። ለጎመኑ ክበብ ሰጠነው። ዳፕ ውስጥ ያለው ፎስፌት 46 በመቶ ነው፤ ሂቢስከስ ደግሞ ፎስፈረስ ሲበዛበት አይወድም፣ ቅጠሉ ይገረጣል። የሚፈልገው ፖታሽየም ነው። እሱን ከኮምፖስትና ከጥቂት የእንጨት አመድ እናገኛለን።

መሰናክሉን አልደብቅም። ኅዳር ላይ በትምህርት ቤቱ መደብ የተከልነው ቁራጭ አብዛኛው ጥር ላይ ደረቀ። በሴሚስተር ዕረፍት ቧንቧው ውሃ አልነበረውም፤ የምናጠራቅምበት ሮቶም የለንም። ጥበቃችን ከጉድጓድ እየቀዱ ለማትረፍ ብዙ ደክመዋል፤ እናመሰግናቸዋለን። መጋቢት ላይ በበልጉ ዝናብ እንደገና ተከልን፤ እሱ ይዟል። ነጭ ብናኝ የለበሰ ተባይም ገብቶብን ነበር፤ በሳሙና ውሃ አጥበን አስለቀቅነው።

ከኅዳሩ ተከላ የተረፉት ልጆቹ ወደ ቤታቸው የወሰዷቸው ናቸው። እዚህ ላይ ስለ አንዷ ልጅ መናገር አለብኝ።

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ክፍል ውስጥ ድምጿ አይሰማም። ቤተሰቧ የሚኖረው ከሌሎች ተከራዮች ጋር በሚጋሩት ግቢ ነው። ግቢው ሊሾ ነው፤ ስንዝር አፈር የለውም። ስለዚህ ቁራጯን የተከለችው አፉ በተቆረጠ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ነበር። ታቹን በጋለ ሚስማር በሳችው። የምታጠጣው ጎመንና ድንች የታጠበበትን ውሃ ነው። የመረጠችው ነጠላውን ነው፤ ደብተሯ ላይ ምክንያቷን ስትጽፍ «ውሃ በፈረቃ ስለሆነ» ብላለች። ይህን ያነበብኩ ቀን ምርጫ ማለት ምን እንደሆነ የገባት ልጅ ናት ብዬ ለባልደረቦቼ ነግሬያለሁ።

ግንቦት ላይ አንድ ጠዋት የመጀመሪያው እንቡጥ ተከፈተ። ማታ እንደሚዘጋ ታውቃለች። እናቷ «ቀጥፈሽ ውሰጂው» ቢሏት እምቢ አለች፤ ክበቡ ተክሉን ከነአበባው ማየት አለበት። ባጃጅ ይዛ ጀሪካኑን እግሯ መሃል አድርጋ መጣች። ባንዲራ ሊሰቀል ተማሪው ተሰልፎ ሳለ በበሩ ስትገባ የሁሉም ሰው ራስ ዞረ። ያቺ አንገቷን ደፍታ የምትሄድ ልጅ ቀና ብላ፣ ከእሷ ሊከብድ ምንም ያልቀረውን ጀሪካን አቅፋ፣ በሰልፉ ፊት አለፈች። ዓይኔ እንባ አቀረረ። አላፍርበትም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በዕለቱ የኬሚስትሪ መምህራችን አሲድና ቤዝ ያስተምሩ ነበር። አሲድና ቤዝን በቀለም የሚለየው ሊትመስ ወረቀት ካለቀ ቆይቷል፤ ሙከራውን በሰሌዳ ሥዕል ሊያልፉት ነበር። ልጅቷ እኔ ጋ መጣች። «ቲቸር፣ ማታ መዘጋቱ አይቀርም። ለሙከራው ይሁን» አለችኝ። አበባውን ራሷ ቀጠፈችው። ፔታሎቹን በሙቅ ውሃ ዘፈዘፍን፤ ውሃው ወይን ጠጅ መሰለ። በሻይ ብርጭቆዎች አከፋፈልነው። ሎሚ ሲገባበት ደማቅ ቀይ ሆነ። የአመድ ውሃ ሲገባበት አረንጓዴ ሆነ። ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። ከ60 በላይ ተማሪ ፊት ቆማ አንቶሲያኒን የተባለው ቀለም ከአሲድና ከቤዝ ጋር ሲገናኝ እንደሚለወጥ ያስረዳችው እሷ ናት። ከዚያ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ አመድ ቤዝ ከሆነና ሂቢስከስ ትንሽ አሲድነት ያለው አፈር የሚወድ ከሆነ፣ ሥሩ ላይ አመድ ለምን እንበትናለን?» ጥቂት ብቻ የሆነበት ምክንያት ይኸው ነው። ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ ላይ አላነበበውም። አበባ ምን ያደርጋል ላላችሁን መልሴ ይህ ልጅ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሌሎቹ የዘጠነኛ ክፍል ሴክሽኖችም ሙከራውን በሂቢስከስ ሠርተዋል። አበባው ከአባላት ቤት ነው የመጣው።

ሳምንታዊ ስብሰባዎቻችን እንደ ወትሮው ረቡዕ ከሰዓት ተካሂደዋል። ኮሚቴ ተመርጧል፤ የግድግዳ ጋዜጣ ወጥቷል፤ በወላጆች ቀን ችግኝ አሳይተናል።

ለ2018 ዓ.ም. የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ አንድ። የአትክልት መቀስ ሁለት። ለወንዶ ገነት ጉዞ የመኪና ወጪ፣ በዚህ ጊዜ ከበጀት። የተሰበሰበው የዝናብ ውሃ የጥር ወሩን ዕረፍት እንዲያሻግረን ሮቶው ከላይብረሪው ጣሪያ አሸንዳ ሥር ይቀመጣል፤ ቦታውን ለክተናል። መርዳት የምትፈልጉ የቀድሞ ተማሪዎችና ወላጆች ርዕሰ መምህሩን አነጋግሩ።

በምዝገባ ሳምንት ከላይብረሪው ጎን ሥር የያዙ የነጠላውን ችግኞች በነፃ እናድላለን። ባዶ ሃይላንድና አሮጌ ጀሪካን ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ግቢያችን ሊሾ ነው የምትሉም ኑ፤ ጀሪካኑን ለመብሳት ሚስማር እኛ እናግላለን።