ወንድሜን ላስተማራችሁልን ሁሉ

በሳን ፍራንሲስኮ ለምትኖሩ የዴላንሲ ስትሪት ቤተሰቦች፣ በኦክላንድና በአካባቢዋ ከጎናችን ለቆማችሁ ወገኖቻችን፦

ታናሽ ወንድሜ ከሱስ ተላቆ፣ የሁለተኛ ደረጃ አቻ ፈተናውን አልፎ፣ ሲዲኤሉን (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃዱን) ይዞ ከዴላንሲ ስትሪት ወጥቷል። አሁን የከባድ መኪና ሹፌር ነው። እናታችንን ለዚህ ቀን ያበቃት እግዚአብሔር ይመስገን።

ዴላንሲ ስትሪትን ለማታውቁት፣ ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሱስና በእስር የተጎዱ ሰዎች አብረው እየኖሩ የሚያገግሙበት ቤት ነው። ቢያንስ ሁለት ዓመት ይቆያሉ፣ ክፍያ አይጠየቁም። ቤቱን የሚያቆመው የገዛ ላባቸው ነው፤ ዕቃ ያጓጉዛሉ፣ የገና ዛፍ ይሸጣሉ። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ኢምባርካዴሮ በሚባለው የባሕር ዳር ጎዳና ላይ ያለውን ትልቁን ግቢ የገነቡትም ነዋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። እዚያ አንዱ የሚያውቀውን ለሌላው ያስተምራል።

ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ክፍልፋይ ያስተማሩትን አዛውንት ነው። ወንድሜ ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጠ ልጅ ነው፤ ሒሳብ ሲባል ፊቱን ያዞር ነበር። እኚህ ሰው ደብተር አላስያዙትም። ሜትር ዘርግተው፣ «በሩ 31 ከ3/4 ኢንች ነው፣ ሶፋው 32 ከ1/8። ያልፋል?» አሉት። አያልፍም። «በስንት ይበልጣል?» አሉት። እዚያው ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ አሰላው። ቆይቶ ደግሞ እሱ ራሱ አዲስ የገባ ልጅ እንዲያስተምር ተመደበ። ለእኔ ወንድሜን ያዳነው ይህ ይመስለኛል። ለዓመታት ሁላችንም ስንለምነው፣ ስንቆጣው፣ ስናለቅስለት ኖርን፤ «አንተ ታስፈልገናለህ፣ ይህን ልጅ አስተምርልን» ያለው ግን አልነበረም።

እናቴ ቤት ስትቀይር ዕቃዋን የጠቀለለው እሱ ነው። ስኒዎቿን አንድ በአንድ በወረቀት ጠቅልሎ፣ ጀበናዋን ለብቻዋ በካርቶን አድርጎ፣ በላዩ «ተሰባሪ» ብሎ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፈበት። እሷ ዝም ብላ ታየው ነበር።

ይህን መንገድ ላሳየን ጠበቃ፣ ለፈቀዱልን ዳኛ፣ ስልክ መደወል በማይችልባቸው በእነዚያ የመጀመሪያ ወራት እናቴን ብቻዋን ላልተዋችሁ የእድራችን እናቶች፣ ለንስሐ አባታችን፣ ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈልልን።

ልጃችሁ እንዲህ የሆነባችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ አትደብቁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አግኙኝ፤ ማመልከቻው እንዴት እንደሚጻፍ አብረን እናየዋለን። ግን ልጁ ራሱ መፈለግ አለበት፣ እኛ ልንገባለት አንችልም። ቤት የምትቀይሩ ደግሞ ዕቃችሁን እንዲያጓጉዙላችሁ የዴላንሲ ስትሪት ሰዎችን ጥሯቸው፤ የፈረንጆች ገና ሲደርስም ዛፉን ከእነሱ ግዙ። ገንዘቡ ቀጥሎ ለሚገባው ልጅ እንጀራና ትምህርት ይሆናል።

እኅቱ፣ ከኦክላንድ