ዘረመሉን ከመቁረጣችን በፊት እርሾውን እንወቀው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

በአገራችን ስለ ኢታኖል በተጻፈ ቁጥር የሸንኮራ አገዳው መሬት፣ ከስኳር ምርት የሚተርፈው ጥቁር ዝልግልግ ሞላሰስ ክምችትና የቤንዚን ዋጋ ይነሳል፤ ስኳሩን ወደ አልኮል ስለሚለውጠው ፍጡር ግን አንድ መስመር እንኳ ሲጻፍ አይታይም። በዲስቲለሪ፣ ማለትም በአልኮል ፋብሪካ፣ ላቦራቶሪ ለዓመታት ሠርቼ አሁን ማይክሮባዮሎጂ የማስተምር ሰው ነኝና ዝምታው ከጋዜጣ እንዳልጀመረ አውቃለሁ። እኔ በነበርኩበት ፋብሪካ እርሾ ማለት በመጋዘን መዝገብ ላይ ከኮስቲክ ሶዳና ከዩሪያ ቀጥሎ በኪሎ የሚሰፈር፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነበር።

አንድ ሚያዝያ ከሰዓት በኋላ የማቀዝቀዣው ውሃ ፓምፕ ቆመብን። ቆላ ነውና የታንኩ ሙቀት ከ33 ዲግሪ ተነስቶ ወደ 40 ሲጠጋ ብዙም አልቆየም። ከላይ ሆኜ ስመለከት ሲንተከተክ የነበረው ቡናማ አረፋ ቀስ በቀስ ረገበ፤ ሲነጋ ስንለካ ደግሞ ከስኳሩ ብዙው ሳይነካ ተቀምጧል። በማግስቱ ስብሰባ ተጠራና ስለ ፓምፑ፣ ስለ መለዋወጫውና ስለ ተረኛው ቴክኒሺያን ሁለት ሰዓት ተወያየን። ያ እርሾ ለዳቦ ሊጥ ተመርጦ የተራባ ዘር እንደሆነና ያን ሙቀት እንዲችል ማንም አስቦ እንዳልመረጠው አንድም ሰው አላነሳም። እኔም አፌን አልከፈትኩም።

ነገሩን በቁጥር ላሳይ። 100 ግራም ግሉኮስ ሳይባክን ቢፈላ 51 ግራም ያህል ኢታኖልና 49 ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፤ ይህ የኬሚስትሪ ጣሪያ ስለሆነ የትኛውም መሐንዲስ አያልፈውም። ልዩነት የሚመጣው ፍጡሩ ከዚያ ስኳር ለራሱ አካል መገንቢያ ስንቱን ይወስዳል፣ የትኛውን ስኳር ይበላል፣ ምን ያህል ሙቀትና አልኮልስ ይችላል በሚሉት ጥያቄዎች ላይ ነው። የጠጅና የዳቦው እርሾ ሳካሮማይሰስ ከአንድ የግሉኮስ ሞለኪውል ሁለት ኤቲፒ፣ ማለትም ሁለት የኃይል ቅንጣት ያተርፋል። አየር እያለ እንኳ ስኳር ከበዛለት አልኮል መሥራቱን አያቆምም፤ የጋንና የእንስራ ወዳጅ ያደረገውም ይህ ጠባዩ ነው። ከአፍሪካ የዘንባባ ጠጅ ጭምር የተገኘው ዛይሞሞናስ የተባለ ባክቴሪያ በሌላ የኬሚካል መንገድ ስለሚሄድ የሚያተርፈው አንድ ኤቲፒ ብቻ ነው፤ በዚህም የተነሳ አካሉ ብዙም ሳይጨምር ስኳሩን በፍጥነት ይጨርሳል፣ ከስኳሩም የሚበልጠውን እጅ አልኮል ያደርገዋል። በወረቀት ላይ ሲታይ አሸናፊው እርሱ ይመስላል። ሆኖም የሚበላቸው የስኳር ዓይነቶች ጥቂት ናቸው፣ የሞላሰስ ጨውም ይጎዳዋል፤ ስለዚህ ለእኛ ፋብሪካ ዓይነት ጥሬ ዕቃ አይመችም። ከወተት ተዋጽኦ የሚገኘው ክሉቨሮማይሰስ ማርክሲያነስ የተባለው እርሾ ደግሞ በ45 ዲግሪ ይራባል፤ ያን ዕለት በታንኩ ውስጥ እርሱ ቢሆን ኖሮ ሙቀቱ ብቻውን አያቆመውም ነበር። ነገር ግን አልኮል ሲበዛበት ቶሎ ይደክማል። እንዲህ ያለውን ንጽጽር ሳናደርግ ዘር መግዛትም ሆነ ዘረመል መቀየር በጭፍን መሄድ ነው።

በዘረመል ምሕንድስና የተሳካላቸው ሰዎችም መጀመሪያ ያደረጉት ይህንኑ ማነጻጸር ነው። ለወባ የምንወስደው ኮአርተም መሠረቱ ከአርቴሚሲያ ተክል የሚገኘው አርቴሚሲኒን ነው። በካሊፎርኒያ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የጄይ ኪስሊንግ ቡድን የዚህን ውህድ የመጀመሪያ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2003 ኢ. ኮላይ በተባለው ባክቴሪያ ውስጥ ሠራ። ቀጣዩን ደረጃ የሚያካሂደው የተክሉ ኢንዛይም ግን ተጣብቆ የሚሠራበት የውስጥ ሽፋን ይፈልጋል፤ ባክቴሪያው ይህ ሽፋን የለውም፤ እርሾው ግን አለው። ቡድኑ ወደ እርሾ ተሻገረና እ.ኤ.አ. በ2006 አርቴሚሲኒን የሚሠራበትን አርቴሚሲኒክ አሲድ አመረተ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመው ውጤትም ምርቱ በሊትር 25 ግራም ደርሶ ነበር። ከገበሬ የሚገዛው አርቴሚሲኒን ዋጋው ወርዶ የእርሾውን ምርት ከገበያ እንዳስወጣው ግን መደበቅ የለበትም፤ የላቦራቶሪ ስኬት ብቻውን ፋብሪካ አያቆምም። ሌላው ምሳሌ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። በባጋስ፣ ማለትም አገዳው ተጨምቆ በሚቀረው ገለባ፣ ውስጥ ያለውን ዛይሎስ የተባለ ስኳር ሳካሮማይሰስ መብላት አይችልም። የሆላንድ ተመራማሪዎች ይህን የሚያስችለውን ዘረመል ያገኙት ከዝሆን ፋንድያ ተለይቶ በወጣ ፈንገስ ውስጥ ሲሆን፣ ወደ እርሾው አስገብተው ዛይሎስ እንዲበላ አድርገውታል። እኛ ባጋሱን ቦይለር ውስጥ እናነደዋለን፤ ፋንድያውን ማን እንደሚመረምረው እንጃ።

በአገራችን ኢታኖልን ከቤንዚን ጋር 5 በመቶ መቀላቀል በአዲስ አበባ ከተጀመረ፣ ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ፣ ብዙ ዓመት አልፏል። በዚህ ሁሉ ጊዜ በጠጅ ጋን ውስጥ አልኮልና ጌሾ ተቋቁሞ የሚኖረውን፣ በእንጀራ እርሾ ውስጥ ላክቲክ አሲድ ከሚሠሩ ባክቴሪያዎች ጋር ተጎራብቶ የሚያድረውን፣ በሻላና በጭቱ ሐይቆች ሶዳ ውስጥ የሚራባውን ረቂቅ ፍጡር ሁሉ ሰብስበን፣ ለይተን፣ ጠባዩን ለክተን ለኢንዱስትሪ ያቀረብንበት ሥርዓት እኔ አላየሁም። ቋንቋችን ራሱ የሊጡን ማቡኪያም የፋብሪካውን ዘርም «እርሾ» ብሎ በአንድ ስም መጥራቱ እንድንዘናጋ ሳያግዘን አልቀረም። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የጄኔቲክ ሀብታችን ያለ ስምምነት ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ደግ አዋጅ ነው። እዚሁ ፍሪጅ ውስጥ እንዳይሞትስ የሚከለክል ምን አለን?

ይህን የምለው ያየሁት ስላለ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የማስተርስ ተማሪ ከጠጅ ቤቶች ናሙና ሰብስባ ከ80 በላይ እርሾዎች ለየች። ከእነርሱ አምስቱ በ42 ዲግሪ ስኳር ሲያፈሉ በዓይኔ አይቻለሁ። ጥናቷን ተከላክላ ከተመረቀች በኋላ ሳህኖቹ በአንድ ፍሪጅ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ቀሩ። በክረምቱ መብራት ለቀናት ጠፋ፤ በመስከረም ስንከፍት ሁሉም ሻግተው ነበር፤ የጽዳት ሠራተኛዋም ሽታውን አልቻለችውምና ጠራርጋ ጣለችው። የጥናቱ ወረቀት በቤተ መጻሕፍት አለ፣ ፍጥረቶቹ ግን የሉም።

ስለዚህ የስኳር ፋብሪካዎችና ዩኒቨርሲቲዎች የዘረመል ማሻሻያ መሣሪያ ለመግዛት በጀት ከመጠየቃቸው አስቀድሞ አንድ የጋራ የዘር ማኖሪያ እንዲያቆሙ፣ ለማስተርስም ሆነ ለዶክትሬት ጥናት የተለየ ረቂቅ ፍጡር ሁሉ ወደዚያ ሳይገባ ተማሪው እንዳይመረቅ ደንብ እንዲወጣ እጠይቃለሁ። ወጪው እንደሚፈራው አይደለም። በቅዝቃዜ በረዶ እንደሆነ ደርቆ አየር በወጣለት የመስታወት አምፑል ውስጥ የታሸገ እርሾ ያለ መብራት በመሳቢያ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የማይክሮባዮሎጂ መምህር፣ ከአዳማ