ግልጽ ደብዳቤ ለማሽነሪ ጥገናና ግዥ ኃላፊ፦ የተረጨ ሽፋን በዓይን አይመረመርም

ክቡር ኃላፊ፣

የሞተር ጥገና ባለሙያ ነኝ። የምጽፍልዎ በቴርማል ስፕሬይ፣ ማለትም የቀለጠ ብረት ወይም ሌላ ማቴሪያል ተረጭቶባቸው ስለሚታደሱ የሞተር ክፍሎች ነው። የማሳደሻ ጨረታ ሲወጣ የሚጠየቀው ብዙውን ጊዜ ልኩና ዋጋው ብቻ ነው። ሥራው እንዴት እንደተሠራም እንዲጠየቅ እለምንዎታለሁ።

ቴክኖሎጂውን እንዲጠራጠሩት አይደለም። ስዊዘርላንዳዊው ማክስ ሾፕ ብረት አቅልጦ መርጨት የጀመረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። ዛሬ ብዙ የአውሮፕላን ተርባይን ክፍሎች ሙቀት እንዲቋቋሙ የሚያግዛቸው የተረጨ የዚርኮኒያ (ሙቀት የሚችል ሴራሚክ) ሽፋን ነው። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ2011 ሞዴል ሼልቢ ጂቲ500 መኪና ሞተር ላይ ከባዱን የብረት ላይነር (የሲሊንደር ውስጠኛ እጅጌ) አስቀርቶ፣ የሲሊንደሩን ግድግዳ 150 ማይክሮን (0.15 ሚሊሜትር) ያህል በሚሆን የተረጨ ብረት ሸፍኖታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዱቄት ወይም ሽቦ ይቀልጣል፤ በጋዝ ግፊት ይወነጨፋል፤ ጠብታው ዕቃው ላይ ሲያርፍ ተጨፍልቆ ወዲያው ይረጋል። ዕቃው ራሱ ብዙም አይግልም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ150 ዲግሪ በታች ማቆየት ይቻላል። ስለዚህ የተበላ ክራንክ ሻፍት እንደ ብየዳ ሳይጣመም ልኩ ይመለሳል።

ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ሽፋኑ ከሥሩ ካለው ብረት ጋር አልተዋሃደም፤ በአብዛኛው ሻካራውን ገጽ ቆንጥጦ ነው የያዘው። በዘይት ቀዳዳው ውስጥ የቀረ ቅባት፣ ገጹን ለማሻከር የተነፋ የደነዘ አሸዋ፣ ከጸዳ በኋላ በእጅ የተነካ ገጽ፣ ሳይረጭ ብዙ ሰዓት የቆየ ዕቃ፣ ሁሉም ይህን ቁንጥጫ ያላሉታል። ሬቲፊካ ገብቶ በማሽን ተሞርዶ ከተስተካከለ በኋላ ግን ደህናውም መጥፎውም እኩል ያብረቀርቃል። ውፍረት የሚለካው ማይክሮሜትርም አይለያቸውም። የሚለያቸው ሞተሩ ነው፣ ያውም ከተገጠመ በኋላ። እንደ ቅርፊት ተልጦ የወጣ ሽፋን አይቻለሁ። ፍርፋሪው ከዘይቱ ጋር ይዞርና ጤነኛውን ክፍል ሁሉ ይፍቃል።

ዋጋ ብቻ ሲወዳደር ማን እንደሚያሸንፍ ያስቡት። ዝግጅቱን የዘለለ ሰው ጊዜም ዕቃም ይቆጥባል። በሥርዓቱ የሠራው ውድ ይሆንና ይወድቃል። ይህ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ጥሩ ሠራተኛን ከሙያው የሚያስወጣው እንዲህ ያለ ጨረታ ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ከዕቃው ጎን ትንሽ የናሙና ብረት በተመሳሳይ ዝግጅት፣ በተመሳሳይ ዱቄትና በተመሳሳይ የማሽን ቅንብር ይረጭ። ከዚያ ናሙናው በማጣበቂያ ተያይዞ እስኪላቀቅ ይሳብ፤ ለዚህ አይኤስኦ 14916 ወይም ኤኤስቲኤም ሲ633 የተባሉ ዓለም አቀፍ የምርመራ ደረጃዎች አሉ። የረጪው ብቃት በአይኤስኦ 14918 ይፈተናል፤ የድርጅቱ የጥራት አሠራር ደግሞ በአይኤስኦ 14922 ይመዘናል። ሰነዱ ላይ «በቴርማል ስፕሬይ ይታደስ» ብሎ ማለፍም አይበቃም። የነበልባል፣ የአርክ፣ የፕላዝማና የኤችቪኦኤፍ (በኦክስጅንና በነዳጅ ቃጠሎ በከፍተኛ ፍጥነት የሚረጭ) ርጭት አንድ አይደሉም። የትኛው ዘዴ፣ የትኛው ማቴሪያል፣ ምን ያህል ውፍረት እንደሆነ ለየክፍሉ ይጻፍ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ከመረጨቱ በፊት እያንዳንዱ ሻፍት በማግኔት ዱቄት የስንጥቅ ምርመራ ይደረግለት። የተሰነጠቀው ይወገድ። ሽፋን የተበላን ልክ ይመልሳል እንጂ የደከመ ብረት አያጠነክርም። ይህን ካልጠበቅን ሰው ላይ አደጋ ልናመጣ እንችላለን።

የሚረጩትንም ሠራተኞች አይርሷቸው። ብናኙ ሳንባ ይጎዳል፣ የአርኩ ብርሃን ዓይን ያቃጥላል፣ ጩኸቱም ከባድ ነው። አየር መምጠጫና መከላከያ የሌለው ወርክሾፕ ጨረታው ውስጥ መግባት የለበትም።

ቀጣዩ የጨረታ ሰነድ ከመውጣቱ በፊት እነዚህ ነጥቦች እንዲካተቱ እጠይቃለሁ። የናሙናውን ምርመራ ሥራውን ያሸነፈው ሳይሆን ሌላ ቤተ ሙከራ ያድርገው፤ ክፍያውም ውጤቱ ከታየ በኋላ ይፈጸም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሞተር ጥገና ባለሙያ