ለልጄ፦ መጀመሪያ ድምፁ ይስተካከል

ውድ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የላክሽው ላፕቶፕ ደርሷል። እናትሽ ዳንቴል አልብሳ ሳሎን አስቀምጣዋለች።

እየተያየን እንድናወራ ስካይፕ ይጫንበት ብለሽ ነበር። ስካይፕ እኮ ተዘግቷል ልጄ! በፈረንጆቹ 2003 ተጀምሮ፣ ማይክሮሶፍት በ2011 በ8.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው፤ መጨረሻ ላይ ራሱ ዘጋው። የተዘጋው በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ነው። እዚሁ አራት ኪሎ፣ ሐውልቱ ዘንድ የአርበኞችን ድል በምናከብርበት ቀን መሆኑ ነው።

ስለዚህ ዋትሳፕ አስገብቼበታለሁ። የጎረቤት ልጅ ቴሌግራም ይሻላል ብሎ ተከራክሮኝ ነበር። እናትሽ የለመደችው ዋትሳፕን ነው ብዬ ዝም አሰኘሁት። ሥራው ቀላል ነው። ፕሮግራሙን አውርደሽ፣ ኮምፒዩተሩ ላይ የሚወጣውን ኪውአር ኮድ በእናትሽ ስልክ ዋትሳፕ ውስጥ ገብቶ ማንሳት ብቻ ነው። ማይክና ካሜራ ልጠቀም ወይ ብሎ ሲጠይቅ እሺ ማለት ያስፈልጋል። እዚያ ላይ እምቢ ካሉት ዲዳ ሆኖ ይቀራል።

ዋናው ድምፁ ነው። ዕድሜዬን በስልክ መስመር ላይ የጨረስኩ ሰው ነኝና ትንሽ ታገሺኝ። የድሮው ስልክ የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ (ድምፅ በሰከንድ የሚርገበገብበት ብዛት) ያለውን ብቻ ነበር። «ሰ» እና «ፈ» እየተምታቱብን ስም ለማስያዝ የምንጮኸው ለዚህ ነው። በኢንተርኔት የሚመጣው ድምፅ ከዚያ የሰፋ ነው። መስመሩ ደህና ከሆነ ጉንፋን እንደያዘሽ ሳትነግሪን እናውቃለን፤ እንዳትደብቂን።

ስታወሪ የራስሽ ድምፅ ተመልሶ ከተሰማሽ ኮምፒዩተርሽን አትነካኪ። ችግሩ እኛ ጋ ነው። ድምፅሽ ከእኛ ስፒከር ወጥቶ በእኛው ማይክ ይገባና ወዳንቺ ይመለሳል። ፕሮግራሙ ራሱ ይህን ለማጥፋት ይሞክራል፤ ሁልጊዜ ግን አይሳካለትም። ፍቱኑ መድኃኒት ኤርፎን ነው። እናትሽ ግን ለኤርፎን ብላ ሻሿን አታነሳም። ስለዚህ ስፒከሩን ዝቅ አድርጌ ወንበሯን አስጠግቻለሁ። ድምፃችን ጨርሶ ካልተሰማሽ ደግሞ ንገሪን፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ትክክለኛው ማይክ መመረጡን አያለሁ። ሳወራ እዚያ ያለችው የድምፅ መለኪያ መስመር ከተንቀሳቀሰች ማይኩ ይሠራል ማለት ነው።

በምስሉ ነገር ከእናትሽ ጋር አልተስማማንም። እሷ መክሳት አለመክሳትሽን ማየት አለባት። እኔ ደግሞ መስመሩ ሲደክም መጀመሪያ ካሜራው ይዘጋ ባይ ነኝ። ድምፅ በሰከንድ 100 ኪሎቢት ዳታ እንኳ አይፈጅም። ምስል የዚያን ብዙ እጥፍ ይበላል። የታረቅነው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ፊትሽን አይታ ትጥገብ፤ መቆራረጥ ሲጀምር ሁለታችሁም ካሜራ ዝጉ። አንቺም መስኮቱን ከኋላሽ አድርገሽ አትቀመጪ፣ ፊትሽ ይጠቁራል።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ይቆያል፤ ራውተሩ ግን አብሮ ድርግም ይላል። ያኔ ከስልኬ ሆትስፖት እከፍታለሁ። ጥቅሉ እንዳያልቅብን በድምፅ ብቻ እንቀጥላለን።

ቀኑ እሑድ፣ በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ይሁን። ያ አሁን በዋሽንግተን ከቀኑ 7 ሰዓት ነው፣ በሀበሻ አቆጣጠር ማለቴ ነው። በፈረንጆቹ ኖቬምበር መጀመሪያ ሰዓታችሁን ስትመልሱ 6 ሰዓት ይሆንልሻል። እኛ የምንነካው ሰዓት የለንም። ሰዓት ስትጽፊልን በሀበሻ ይሁን በፈረንጅ ለይተሽ ጻፊ፤ አለበለዚያ እናትሽ በሌሊት ተነስታ ትጠብቅሻለች።

አንድ ነገር ልንገርሽና ላብቃ። ስምሽ ሁልጊዜ ከላይ እንዲታይ አድርጌዋለሁ፤ እናትሽ እኔ በሌለሁበትም እንድትደውልልሽ ነው። የእናትና የልጅ ወሬ ሁሉ እኔ ፊት መሆን የለበትም። ስለዚህ እሑድ ቀድመሽ እንዳትደውዪ። እሷ ራሷ ፈልጋ ትንካው። እስከ 2 ሰዓት ተኩል ጠብቂና ካልሆነላት ያኔ ደውዪ።

አባትሽ