ልጅ አይቆጠርም

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ቤተሰብ ምጣኔ የምታወጧቸውን ጽሑፎች አነባለሁ፤ አልቃወማቸውም። እኔም የወለድኩት ሁለት ነው። ግን የገበሬ ልጅ መብዛት በተነሳ ቁጥር እንደ ሸክም ብቻ ሲታይ ልቤ አይቀበለውም። ባለቤቴን ባለፈው ግንቦት ቀብሬያለሁ። ያሳደጉትን ሰዎች ነገር ሳልጽፍ ብቀር እሱን የካድኩት ይመስለኛል።

የተወለደው ጎጃም፣ ጮቄ ተራራ ሥር፣ ገብስና እንግዶ የሚባለው የአጃ ዘር ከሚበቅልበት ደጋ ነው። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ለእናቴም አንድ ነኝ። በ1976 ዓ.ም. ምራት ሆኜ ስሄድ ቤቱ ጢም ብሎ ጠበቀኝ። አንዷ እግሬን ታጥባለች፣ አንዱ በግ እየጎተተ ይገባል፣ ሌላዋ ጎንበስ ብላ እሳት ታራግባለች። ማን ዋርሳዬ፣ ማን ጎረቤት እንደሆነ ግራ ቢገባኝ አማቴን «እማማ፣ ልጆችዎ ስንት ናቸው?» አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። «ልጅ አይቆጠርም፣ ልጄ» አሉኝ። ማታ ባለቤቴ በጆሮዬ ነገረኝ፤ አሥራ አንድ ተወልደው ዘጠኝ አድገዋል፣ እሱ ስድስተኛው ነው።

ከዘጠኙ ትምህርት ቤት የገባው እሱ ብቻ ነበር። ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይቶ ሲማር ትልቋ እህቱ በየአሥራ አምስት ቀኑ በሶና ቆሎ በስልቻ አዝለው፣ ሌሊት ተነስተው፣ የጨሞጋን ወንዝ ተሻግረው ያደርሱለት ነበር። ሰኔ ላይ ወንዙ ከሞላ እስኪጎድል ማዶ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ሁለቱ ታላላቆቹ አንድ አንድ በሬ ስለነበራቸው በመቀናጆ ያርሱ ነበር፤ በእሱ ፋንታም ያረሱት እነሱ ናቸው። የከብት ጥበቃ ተራው ለታናሹ ተላለፈ። ያ ልጅ ፊደል ሳይቆጥር የቀረው በዚህ ነው።

ባለቤቴ ይህን አንድም ቀን አልረሳውም። ደመወዝ ሲቀበል መጀመሪያ የሚያነሳው የታናሹን ነበር። የታናሹን ሦስት ልጆችም ተራ በተራ ቤታችን አምጥቶ አስተምሯል። አንዷ ዛሬ ነርስ ናት፤ እሱን እስከ መጨረሻው ያስታመመችውም እሷ ናት።

መሬቱ እንደማይበቃ አላጣሁትም። በ1989 ዓ.ም. ከመሬት ሽግሽጉ በኋላ ሄደን የታናሹን ማሳ አይቻለሁ፤ ጥማድ በሬ ለማዞር እንኳ ይጠብ ነበር። ቢሆንም ስለ እነዚያ ሰዎች ሲጻፍ ማሳው ተለክቶ ስልቻው አይዘንጋ ነው የምለው።

ለአርባው በሕይወት ያሉት ሁሉም መጡ። ትልቋ እህቱ ሰማንያን አልፈዋል፤ አውቶቡስ ያማቸዋል። በፌስታል በሶ ይዘው ገቡና ምንም ሳይሉ እሱ ይተኛበት ከነበረው አልጋ ራስጌ አኖሩት። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። አሁን ጠዋት ጠዋት እሱን እየበጠበጥሁ እጠጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረታ የወጣች መምህርት፣ ከአዲስ አበባ